ስምንት መስመር ውስጥ የገባ ጀብዱ፦ የቲአይ-84 ፕላስ የጽሑፍ ጨዋታዎች ሲፈተሹ

በግራፍ ካልኩሌተር ላይ የሚጫወት የጽሑፍ አርፒጂ (ጀግናው እየተዋጋ ደረጃውን የሚያሳድግበት ጨዋታ) ጥሩ ይሁን አይሁን ለማወቅ ታሪኩን እስከ መጨረሻው መከተል አያስፈልግም። በቀጥታ ወደ ጨዋታው ሱቅ ይግቡ፤ መድኃኒት ይምረጡ፤ «ስንት?» ተብሎ ሲጠየቅ አሉታዊ 5 ይጻፉ። ምልክቱ ከኤንተር ቁልፍ በስተግራ በቅንፍ ተከብቦ የተቀመጠው ነው። የአንዱ መድኃኒት ዋጋ 10 ወርቅ ከሆነና ጨዋታው ሳያጣራ ከተቀበለ፣ ከኪስዎ አሉታዊ 50 ይቀነሳል፤ ይኸውም 50 ወርቅ ይጨመርልዎታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጭራቁም ዘንዶውም አያሰጋም፤ ጀግናው ሳይዋጋ ባለጸጋ ሆኗል።

ጀማሪ የጻፋቸው ጨዋታዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። ጥፋቱ ኢንፑት በተባለው ትእዛዝ አጠቃቀም ላይ ነው። ኢንፑት የሚጻፍለትን ማንኛውንም ቁጥር ይቀበላል፤ አሉታዊም ይሁን ክፍልፋይ አይለይም። ግማሽ መድኃኒት ገዝቶ ግማሽ ዋጋ መክፈል የሚቻልባቸው ሱቆች አሉ። መፍትሔው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የገባው ቁጥር ከ1 ካነሰ ወይም ከራሱ ሙሉ ቁጥር ክፍል ጋር እኩል ካልሆነ ወደ ጥያቄው መመለስ። ኢንፑት ስሌትም ይቀበላል። ወርቁ «ጂ» በሚባለው ፊደል ውስጥ መቀመጡን ያወቀ ተጫዋች ጂን ለ10 አካፍሎ ቢጽፍ፣ ማሽኑ ራሱ አስልቶ ገንዘቡ የሚችለውን ያህል ይገዛለታል። ይሄኛው ማጭበርበር አይባልም፤ የአልጀብራ መምህርም ሊደሰቱበት ይችላሉ።

እዚህ የሚገመገመው አንድ ጨዋታ ሳይሆን በካልኩሌተሩ በራሱ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በቲአይ-ቤዚክ፣ ተጽፎ በነጻ የሚታደለው የጨዋታ ዓይነትና የሚጫወትበት ማሽን ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-84 ፕላስን እ.ኤ.አ. በ2004 ነው ያወጣው። አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ ያላቸው ወላጆች ከመማሪያ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ያውቁታል፤ ለአንድ ካልኩሌተር ይህን ያህል ዶላር ለምን እንደሚጠየቅም ሳይገርማቸው አይቀርም። ስክሪኑ በጽሑፍ ሁኔታ 8 መስመር አለው፤ አንዱ መስመር 16 ፊደል ይይዛል። ጀግናው፣ ጠላቱ፣ የቀረው ሕይወት፣ የኪስ ወርቅና የሚመረጠው ሁሉ በእነዚህ 128 ቦታዎች መብቃቃት አለበት።

የጨዋታው አካሄድ ቀላል ነው። ከፕሮግራም ዝርዝር ተመርጦ ሲነሳ ሜኑ ይወጣል፦ ተዋጋ፣ አስማት፣ መድኃኒት፣ ሽሽ። ቁጥሩን መጫን ወይም በቀስት ወርዶ ኤንተር ማለት ነው። ሜኑ የተሰኘው የቲአይ-ቤዚክ ትእዛዝ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ይሠራል። ለርዕሱ 16 ፊደል፣ ቢበዛ 7 ምርጫ፣ ለእያንዳንዱ ምርጫ 14 ፊደል ይፈቅዳል፤ ሁለቱን ቦታ ቁጥሩና ነጥቦቹ ይወስዱታል። ቲአይ-ቤዚክ ቀርፋፋ ቋንቋ ነው። የሚሮጥና የሚተኩስ ጨዋታ ሲጻፍበት ስክሪኑ ሲንቀረፈፍ ይታያል። በተራ የሚጫወት የጽሑፍ ጨዋታ ግን ተጫዋቹን ስለሚጠብቅ ዝግታው አይጎዳውም። ይህን ካልኩሌተር ለመዝናኛ ከፈለጉት የሚያዋጣው ይህ ዓይነት ነው የምንለውም ለዚህ ነው። የቅርብ ዘመዱ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዶስ ኮምፒውተር ተጽፎ በኋላ ወደ ካልኩሌተር የተሻገረው የንግድ ጨዋታ «ድራግ ዋርስ» ነው። ጭራቅ የለውም፤ አጥንቱ ግን ያው ሜኑ፣ የቁጥር ጥያቄና ድንገተኛ ክስተት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ውጊያው ነው። የተለመደው ስሌት የአጥቂው ኃይል ሲቀነስ የተከላካዩ ጋሻ፣ ሲደመር ትንሽ ዕድል ነው። ጀግናው ከባድ ጥሩር ለብሶ ደካማ ጠላት ሲገጥም ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የጠላት ምት ሕይወት ይጨምርለታል። አይጥ እየነከሰችው የሚፈወስ ጀግና ካጋጠመዎት ምክንያቱ ይኸው ነው። ጸሐፊው ስሌቱን ማክስ በተባለው ተግባር ውስጥ አስገብቶ ከ1 እንዳያንስ ቢያደርገው ችግሩ ያበቃል። ከዚህ የረቀቀው ጉድለት የጠላቶች ጉልበት ከጀግናው ደረጃ ጋር እኩል እያደገ ሲሄድ የሚመጣው ነው። ኮዱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን 10ኛ ደረጃ ላይ ያለው ውጊያ ከ1ኛው የሚለየው በቁጥሮቹ መብዛት ብቻ ይሆናል፤ ደረጃ ማሳደግ ትርጉም ያጣል። ጥሩዎቹ ጨዋታዎች ለየቦታው የተወሰነ ጠላት ይመድባሉ፤ ጫካው ሁልጊዜ ቀላል፣ ዋሻው ሁልጊዜ ከባድ ነው፤ መቼ ወደ ዋሻው እንደሚገባ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው።

ዕድልን በተመለከተ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የካልኩሌተሩ የዕድል ቁጥር የሚመነጨው ከመነሻ ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ሪሴት ሲደረግ መነሻው ዜሮ ይሆናል። ከሪሴት በኋላ ራንድ የተባለው ተግባር የሚሰጠው የመጀመሪያ ቁጥር በሁሉም ማሽን 0.9435974 ገደማ ነው፤ የሚከተሉትም እንዲሁ አንድ ዓይነት ናቸው። ፈተና ሊወስዱ ሲሉ ማሽናቸው የጸዳባቸው ሁለት ተማሪዎች ወዲያው ያንኑ ጨዋታ ቢጀምሩና ያንኑ ቢመርጡ፣ ያው ጭራቅ በያው ቦታ ይመጣባቸዋል፤ ያንኑ ያህልም ይመታቸዋል። ያሰበበት ጸሐፊ በመክፈቻው ገጽ ላይ ተጫዋቹ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ራንድን ደጋግሞ ያስጠራል። ሰው ቁልፍ ለመጫን የሚወስደው ጊዜ ስለማይመሳሰል ቅደም ተከተሉ ይለያያል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዜሮን ወደ ራንድ አስገብተው ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ይጀምሩ፤ ውጊያው ከተደገመ ጸሐፊው አላሰበበትም።

ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ጨዋታው እየዘገየ ሄዶ በመጨረሻ «ኤረር ሜሞሪ» ብሎ ከቆመ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ማነስ አይደለም። ቲአይ-84 ፕላስ ለተጠቃሚ 24 ኪሎባይት ያህል ራም (የሥራ ማስታወሻ) አለው፤ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ይበቃል። ችግሩ ጎቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ቦታ የሚያዘልለው ትእዛዝ ነው። ኢፍ-ዜን (ሁኔታ መፈተሻው) ወይም ፎር፣ ዋይል፣ ሪፒት (ደጋግመው የሚያዞሩት) ሲከፈት ማሽኑ መዝጊያውን ለማስታወስ ከራም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ኤንድ ሲደርስ ይለቀዋል። ፕሮግራሙ በመሃል በጎቱ ዘሎ ከወጣ ኤንዱ ሳይነበብ ይቀራል፤ የተያዘውም ቦታ ታስሮ ይቆያል። በየውጊያው አንድ ጊዜ እንዲህ ከተዘለለ ራሙ ቀስ በቀስ ያልቃል። ሜኑም በውስጡ ጎቱ ስለሆነ በፎር ወይም በኢፍ-ዜን መሃል ሲቀመጥ ያው ጉዳት አለው። ለተጫዋቹ መላው አስቀምጦ መውጣትና እንደገና መጀመር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ የታሰረው ቦታ ሁሉ ይለቀቃል። ለጸሐፊው ደግሞ፦ ዜን የሌለውን የአንድ መስመር ኢፍ ተጠቅሞ መዝለል፣ ወይም ውጊያውን የአንዱ ሕይወት ዜሮ እስኪደርስ በሚዞር ሪፒት መጻፍ። ማሽኑ ሌብልን፣ ማለትም ጎቱ የሚዘልበትን ምልክት፣ የሚፈልገው ከፕሮግራሙ አናት ጀምሮ ወደ ታች እያነበበ ስለሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠራው ሌብል ከላይ ቢቀመጥ ፍጥነቱ ላይ ልዩነት ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ካልኩሌተሩ የጨዋታ ማሽን አይደለም፤ ነገ ጠዋት ሒሳብ ይሠራበታል። ጥሩው ጨዋታ ይህን ያከብራል፤ መጥፎው የቤት ሥራ ያጠፋል። ቲአይ-84 ፕላስ ለቁጥር 27 ተለዋዋጮች ብቻ አሉት፤ 26ቱ የላቲን ፊደላትና ቴታ። ሕይወቱን «ኤክስ» ውስጥ የሚያስቀምጥ ጨዋታ፣ ተማሪው በመሃል አንድ ግራፍ ሲሥል የጀግናው ሕይወት የመጨረሻው የኤክስ ነጥብ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከዚህም የከፋው ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር በተሰጣቸው ሊስቶች (የቁጥር ዝርዝሮች) ውስጥ የሚያስቀምጠው ነው፤ እነዚያ ሊስቶች የስታቲስቲክስ ክፍል መረጃ የሚጻፍባቸው ናቸው። ጨዋታው ሲጀመር የቤት ሥራው መረጃ ይደመሰሳል፤ የቤት ሥራው ሲሠራ ደግሞ ጀግናው ይሞታል።

ትክክለኛው አሠራር የራሱ ስም ያለው ሊስት መፍጠር ነው። ስሙ እስከ 5 ፊደል ይሆናል። በውስጡ ደረጃ፣ የአሁን ሕይወት፣ ሙሉ ሕይወት፣ ኃይል፣ ወርቅ፣ ልምድና ያለበት ቦታ በተርታ ይገባሉ፤ አንዱ ቁጥር 9 ባይት ስለሚይዝ 7ቱ 63 ባይት ናቸው፤ ከስሙ ጋር ጥቂት ይጨመራል። ሊስቱ ፕሮግራሙ ከተዘጋም በኋላ ይቆያል። ጨዋታው ሲነሳ ሴትአፕኤዲተር በተባለው ትእዛዝ የሊስቱን ስም ቢጠራ፣ ሊስቱ ከሌለ ይፈጠራል፤ አርካይቭ (ራም ሲጸዳ የማይጠፋው ማከማቻ) ውስጥ ከሆነ ወደ ራም ይመለሳል። ከዚያ ትእዛዙን ያለ ስም አንድ ጊዜ ደግሞ መጥራት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተማሪው የስታቲስቲክስ ሰንጠረዡን ሲከፍት የለመዳቸውን ሊስቶች አያገኝም።

መምህራን ከፈተና በፊት ራሙን ማጽዳት ልማዳቸው ነው፤ ሴኮንድ፣ ሜም፣ ሪሴት፣ ኦል ራም። ያን ጊዜ አርካይቭ ያልተደረገ ሁሉ ይጠፋል፤ አርካይቩ ግን ይተርፋል። ስለዚህ ጨዋታው ሲዘጋ ሊስቱን ራሱ አርካይቭ የሚያደርግ ከሆነ ትልቅ ነጥብ ይሰጠዋል። በየውጊያው አርካይቭ የሚያደርገው ግን ያበዛዋል፤ ቦታው ሲቆራረጥ ማሽኑ «ጋርቤጅ ኮሌክት?» ብሎ ጨዋታውን እያቋረጠ ይጠይቃል። ፕሮግራሙንም አርካይቭ ማድረግ ይበጃል፤ ነገር ግን ከዚያ ሆኖ አይነሳም፣ «ኤረር አርካይቭድ» ይላል። ለመጫወት ሲፈልጉ በሜም ዝርዝር ውስጥ ስሙ ላይ ቆመው ኤንተር ቢሉ አርካይቭ መሆኑን የሚያሳየው ኮከብ ይጠፋል፣ ወደ ራም ተመልሷል ማለት ነው።

ኦን ቁልፍ በጨዋታ መሃል ከተነካ «ኤረር ብሬክ» ይመጣና ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ሁለተኛውን አይምረጡ። ኮዱን ከተቋረጠበት ቦታ ይከፍተዋል፤ የዋሻውን ምስጢር ከማየት አልፎ፣ አንድ ቁልፍ በስሕተት ቢነካ በጠቋሚው ቦታ ያለው ፊደል ይተካል፤ ጨዋታው በሌላ ቀን እዚያ ሲደርስ በ«ኤረር ሲንታክስ» ይወድቃል። 1 ብለው ይውጡ።

ታሪኩስ? አጭር መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ፊደል ዋጋ አለው። ትልቁ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ ትንሹ 2 ባይት ይፈጃል። ሙሉ ስክሪን በትልልቁ ሲጻፍ 128 ባይት፣ በትንንሹ 256 ባይት ነው። 20 ገጽ ታሪክ ያለው ጨዋታ በዚህ ምርጫ ብቻ 2,560 ወይም 5,120 ባይት ይሆናል። የካልኩሌተር ጨዋታዎች ሁሉ በትልልቅ ፊደል ብቻ ተጽፈው የሚጮኹ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ዲስፕ የሚባለው ትእዛዝ ከ16 ፊደል ያለፈውን በሦስት ነጥብ ይቆርጠዋል፤ አውትፑት ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግረዋል። ቃል በመሃሉ የተሰበረበት ገጽ ካዩ ጸሐፊው አውትፑትን ሳይቆጥር ተጠቅሟል።

ካርታ ያላቸው ጨዋታዎች ሲመጡ ብልሃቱ ይታያል። ካርታውን በማትሪክስ የሠራው፣ ለ7 በ16 ሜዳ 112 ቁጥር በ9 ባይት፣ 1,008 ባይት ያወጣል። በስትሪንግ (በተከታታይ ፊደላት) የሠራው አንዱን ቦታ በአንድ ፊደል ስለሚወክል 112 ባይት ይበቃዋል፤ በአንድ አውትፑትም መላውን ካርታ በአንዴ ያወጣዋል። የዕቃ ስሞችም እንደዚሁ ናቸው። ቲአይ-ቤዚክ የስትሪንግ ዝርዝር የለውም፤ ስለዚህ ስሞቹ ሁሉ እኩል 8 ፊደል ተደርገው፣ አጭሩ በባዶ ቦታ ተሞልቶ፣ በአንድ ረጅም ስትሪንግ ይቀጠላሉ። የሚፈለገው ስም ከ8 ጊዜ ተራ ቁጥሩ ሲቀነስ 7 ጀምሮ 8 ፊደል ተቆርጦ ይወጣል። በመጨረሻው ዕቃ ላይ ባዶ ቦታ መሙላት የረሳ ጸሐፊ ያንን ዕቃ ሲያነሱ «ኤረር ኢንቫሊድ ዲም» ያሳይዎታል።

እንቅስቃሴ የተጫነውን ቁልፍ በቁጥር በሚነግረው ጌትኪ ይሠራል፦ ላይ 25፣ ግራ 24፣ ቀኝ 26፣ ታች 34፣ ኤንተር 105። ጌትኪ ቁልፍ አይጠብቅም፤ ካልተጫነ ዜሮ መልሶ ያልፋል፤ በዙር ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ዙሩ ሲሽከረከር ማሽኑ በራሱ አይጠፋም። ጨዋታውን ክፍት ትተው ቢሄዱ 4ቱ ትሪፕል ኤ ባትሪዎች ያልቃሉ፤ ሜኑ ወይም ፖዝ ላይ የቆመ ጨዋታ ግን ይተኛል።

መጫኑ አያስቸግርም። ከኮምፒውተር ከሆነ፣ ቲአይ-84 ፕላስ ሚኒ ዩኤስቢ አለው፤ የኩባንያው ነጻ ሶፍትዌር ቲአይ ኮኔክት ሲኢ ስያሜው በ8ኤክስፒ የሚያልቀውን ፋይል ይልካል። ከካልኩሌተር ወደ ካልኩሌተር ከሆነ ገመዱን እስኪጫን ድረስ ጠበቅ አድርገው ይሰኩ፤ ግማሽ የገባ ገመድ ዋናው የስሕተት ምንጭ ነው። በመጀመሪያ ተቀባዩ ሴኮንድ፣ ሊንክ፣ ሪሲቭ ይበል፤ «ዌይቲንግ» ሲል ላኪው ፕሮግራሙን መርጦ ትራንስሚት ይበል። ላኪው ቀድሞ ከጀመረ «ኤረር ኢን ኤክስሚት» ነው። በእጅ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ትእዛዞቹን ከፕሮግራም ሜኑ መምረጥ አለበት፤ ዲስፕን ፊደል በፊደል ቢጽፉት ማሽኑ እንደ ትእዛዝ አያውቀውም።

የትኛው ሞዴል? ቲአይ-83 ፕላስ በ6 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፣ ዩኤስቢ የለውም፤ ያገለገለ በርካሽ ከተገኘ በሜኑ ለሚሠሩት በቂ ነው፤ ካርታ ላይ ያንቀረፍፋል። ቲአይ-84 ፕላስ 15 ሜጋኸርትዝና 480 ኪሎባይት አርካይቭ አለው፤ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ሚዛኑን የጠበቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ ባለቀለምና ቻርጅ የሚደረግ ነው፤ 48 ሜጋኸርትዝ፣ 10 መስመር በ26 ፊደል። ለአሮጌው የተጻፈ ጨዋታ እዚህ ይሠራል፤ ግን ግራ ላይኛው ጥግ ተኮማትሮ ይቀመጣል። በፒክስል የተሣሉት ያንሳሉ፣ ጽሑፋቸውም ይዛነፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው በአዲሱ ሲስተም የአሴምብሊና የሲ ፕሮግራሞችን ከሲኢ ላይ አግዷል፤ ቲአይ-ቤዚክን ስላልነካ የጽሑፍ ጨዋታዎቹ ከእገዳው አምልጠዋል።

በአማርኛ ጨዋታ መጻፍ ለሚያምረው፦ ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም። በግራፍ ስክሪኑ ላይ በፒክስል መሣል ይቻላል፤ ጸሐፊው የሚደርስበት ሜዳ 95 በ63 ነው። እንደ ጨ እና ጸ ላሉት ፊደላት 8 በ8 ፒክስል ቢሰጣቸው በመስመር 11 ፊደል፣ በጠቅላላ 7 መስመር ይወጣል። በቲአይ-ቤዚክ ነጥብ በነጥብ ሲሣል ተጫዋቹ ይሰለቻል፤ ቀድሞ ሥሎ በምስል ማስቀመጥ ደግሞ ለአንዱ ገጽ ከ750 ባይት በላይ ይወስዳል፤ የምስል ቦታዎቹም 10 ብቻ ናቸው። ለርዕስ ገጽ አንድ የግእዝ ምስል፣ ለቀረው በትልልቅ የላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ብንል ያስኬዳል።

ካሲዮ ኤፍኤክስ-9750ጂ2 እጅዎ ላይ ካለ ጨዋታውን ማሻገር ይቻላል፤ 21 ፊደል በ7 መስመር ይሰጣል፤ ስለዚህ ስምንተኛውን መስመር ቀድመው ያስወግዱ። ሎኬት የተባለው ትእዛዙ ዓምዱን አስቀድሞ መስመሩን ያስከትላል፤ ከአውትፑት ተቃራኒ ነው። የቁልፍ ቁጥሮቹም ሌሎች ናቸው፦ ላይ 28፣ ታች 37፣ ግራ 38፣ ቀኝ 27። ሳይቀይሩ ያሻገሩት ጨዋታ ይነሳል፣ ካርታውም ይታያል፤ ጀግናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።